በጣት የሚነበብ ካርታ

ካርታ ማለት ሰፊውን ምድር በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሰብስቦ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ዓይናማው ተማሪ የአገርን ወሰን፥ የወንዝን አካሄድና የከተማን ሥፍራ በአንድ ጊዜ ተመልክቶ ይረዳዋል። ዓይነ ሥውር ተማሪ ግን ይህን ዕውቀት ከሌላ ሰው አፍ ብቻ እየሰማ እንዲቀበል የተፈረደበት ይመስል ነበር። ይህን ፍርድ ለመሻር ብዙ ሰዎች ደክመዋል።

በ18ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ አገር ሜላኒ ደ ሳሊኛክ የምትባል ዓይነ ሥውር ወጣት ነበረች። ፈላስፋው ዲድሮ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1782 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፉ እንደ ገለጸው፥ ጂኦግራፊን የተማረችው በሚዳሰስ ካርታ ነው። የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮች ከናስ ሽቦ፥ ወሰኖች ከክር፥ ከሐርና ከሱፍ ጥልፍ፥ ወንዞችና ተራሮች ከስፒል ራስ፥ ከተሞችም እንደ ትልቅነታቸው ከሰም ጠብታ የተሠሩ ነበሩ።

እንዲህ ያለው ካርታ ግን አንድ በአንድ በእጅ ስለሚሠራ ለብዙዎች ሊዳረስ አልቻለም። ስለዚህ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት መሪ የነበረው ዶክተር ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው በ1837 ዓ.ም. የአሜሪካን አትላስ ያለ ቀለም፥ በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልቶ እንዲታተም አደረገ። የታተመውም 50 ቅጅ ነበር። ጽሕፈቱ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደሎች ነበሩ፤ ሉዊ ብራይል በ1829 ዓ.ም. ያሳተመው በ6 ነጥብ ላይ የተመሠረተ ጽሕፈት በአሜሪካ ገና አልተለመደም ነበርና። በኋላ ግን ነጥቡ ለጣት የሚቀል ሆኖ ስለ ተገኘ የፊደሉን ቦታ ወሰደ።

ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ስስ ፕላስቲክ በሙቀት ለስልሶ፥ አየሩ ከሥሩ እየተሳበ በዋናው ቅርጽ ላይ እንዲለጠፍ ይደረጋል። ከዚያም በጥቁር ቀለም የተሣለበት መስመር ሲሞቅ የሚያብጥ ወረቀት መጣ።

መሣሪያው ቢለዋወጥም ሕጉ አንድ ነው። ዓይን ሁሉን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ጣት ግን ጥቂት በጥቂት እየዳሰሰ ይሰበስባል። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን ካርታ እንዳለ ማጉላት ጣትን ማደናገር ነው። መስመሮቹ እንዲራራቁ፥ ምልክቶቹ በመዳሰስ እንዲለያዩ፥ ያልተፈለገውም ሁሉ እንዲቀር ያስፈልጋል።

ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በጠንካራ ካርቶን ላይ ለዓባይ ገመድ፥ ለጣና ለስላሳ ጨርቅ፥ ለከተሞች ቁልፍ ብናጣብቅ፥ ዓይነ ሥውሩ ጓደኛችን ጣቱን ከጣና አስነሥቶ፥ ወንዙ ጎጃምን ዞሮ ወደ ሱዳን እንዴት እንደሚወርድ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ካርታው ደግ መሆኑን የሚመሰክረውም የሠሪው ዓይን ሳይሆን የእርሱ ጣት ነው። አገሩን በሰው አፍ ብቻ በሚያውቅና በገዛ እጁ በሚያውቅ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለምና፥ እኛ ተማሪዎች ይህን ሥራ ልንጀምረው ይገባናል።