ልብ ወለዳዊው መርማሪና የቴክኖሎጂ ጉዞ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰበት ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት የብሪታንያዊው ደራሲ የአርተር ኮናን ዶይል «የባስከርቪል ውሻ» በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ ቀረበ። ሁለቱ ክንውኖች ዝምድና የሌላቸው ቢመስሉም የአንድ ዘመን ውጤቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ከአንባቢ ጋር የተዋወቀው መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ ያለ ባቡርና ያለ ቴሌግራም ሥራውን ሊያከናውን ባልቻለም ነበርና።

በዚያ ዘመን በአገራችን ወንጀል ይጣራ የነበረው በሌላ ሥርዓት ነው። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ እየማለ ይጠየቅ ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። አውጫጭኝ በሰው ቃል ላይ ሲቆም፣ ሌባ ሻይ ግን ለንጹሑ ሰው መከላከያ አይተውለትም።

ሳይንስ ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሣ። የለንደን ፖሊስ የጣት አሻራ ክፍሉን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ኮናን ዶይልም ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ አዲስ ዘዴ በአንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አስገባ፤ ያስገባው ግን ሊያወድሰው አይደለም። በታሪኩ ፖሊሱ በግድግዳ ላይ የተገኘውን በደም የታተመ አሻራ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ ሲቀበል፣ ሆልምስ ግን ትናንት በዚያ ስፍራ አሻራ እንዳልነበረ ያስታውሳል። አሻራው እውነተኛ ነው፤ ያኖረው እጅ ግን የሌላ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክ ጄፍሪስ የዘረ መል አሻራን ካገኘ በኋላ ዘዴው በወንጀል ምርመራ ቀድሞ የጠቀመው ያልፈጸመውን ግድያ ያመነን አንድ ወጣት ነጻ በማውጣት ነው። እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው በስሙ ደም እንዲሰጥለት አድርጎ ከምርመራው አመለጠ። ኋላ የተያዘው ይኸው ምስጢር በጨዋታ መካከል ከሰው አፍ በመውጣቱ ነበር።

ዛሬ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ ነጻ የንግድ ቀጠና ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡርም በአካባቢው ያልፋል። አንድ ደራሲ በዚህ ስፍራ ከኮንቴይነር ዕቃ የጠፋበትን ታሪክ ቢጽፍ፣ መርማሪው እንደ ጥንቱ ተሸካሚውንና ዘበኛውን በመጠየቅ ብቻ አይወሰንም፤ የካሜራ ምስልና የስልክ ጥሪ መዝገብ ይመረምራል። ሆኖም ካሜራው ማን እንደ ገባ እንጂ ማን እንደ ላከው አያሳይም፤ መዝገቡም ስልኩ በማን ስም እንደ ተመዘገበ እንጂ በማን እጅ እንደ ነበረ አይናገርም። ስለዚህ የመሣሪያው መራቀቅ የመርማሪውን ድካም ከእግር ወደ አእምሮ አዛወረው እንጂ አላስቀረለትም። በማስረጃውና በፍርዱ መካከል ቆሞ ለንጹሑ ሰው የሚጠይቅለት አሁንም እርሱ ነው።