የንብ መርዝ ምርመራ ታሪክ

ማር ቆራጭ ሁሉ የንብን ንድፊያ ያውቃል። ነገር ግን መርዟ ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጕንዳን ነው። በ1671 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆን ሬይ ከጕንዳን የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ሆምጣጤ ኮምጣጣ መሆኑን ገለጸ። በ1749 ማርግራፍ የተባለው የጀርመን ኬሚስት ይህን አሲድ አጣርቶ አወጣ። አሲዱም በላቲን ጕንዳን ማለት ከሆነው «ፎርሚካ» ከሚለው ቃል ፎርሚክ አሲድ ተባለ። ኋላም የንብ መርዝ ይኸው አሲድ ነው የሚል እምነት ስለ ተስፋፋ፥ ብዙ ሰው ንድፊያን በሶዳ ማጠብ ፍቱን መድኃኒት መሰለው።

ይህ ግን ስሕተት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ከደረቀው የንብ መርዝ ግማሽ ያህሉ ሜሊቲን ይባላል። እርሱም 26 አሚኖ አሲዶች እንደ መቍጠሪያ ተያይዘው የተሠራ ሲሆን፥ የሰውነታችንን ሕዋሳት ሽፋን እየበሳ ያሳምማል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት በሕክምና ላይ የደረሰው ነው። ንድፊያ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ጕሮሯቸው ያብጣል፥ ትንፋሻቸው ያጥራል፥ ሊሞቱም ይችላሉ። ሐኪሞች ሰውነታቸውን ለማለማመድ ሲሉ፥ ከተፈጨ ሙሉ ንብ የወጣ ጭማቂ ለብዙ ዓመታት ይወጉአቸው ነበር። አሜሪካዊቷ ዶክቶር ሜሪ ላቭለስ በ1950ዎቹ መሰጠት የሚገባው መርዙ ራሱ ነው ቢሉም፥ ብዙዎቹ አልተከተሏቸውም።

በመጨረሻ የጆንስ ሆፕኪንስ ሊቃውንት በ1978 ባሳተሙት ምርመራ ነገሩን ፈተኑት። ሕመምተኞቹ በሦስት ወገን ተከፍለው ከታከሙ በኋላ በሐኪም ፊት ተነደፉ። መርዙን ከወሰዱት 18 ሰዎች ሕመሙ የተነሣበት 1 ብቻ ነበር። ጭማቂውን ከወሰዱት 11 ሰዎች ግን በ7ቱ ተነሣ፤ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ከተወጉት 12 ሰዎችም እንዲሁ በ7ቱ ተነሣ። እንግዲህ ብዙ ሕመምተኞች ተጠበቅን ብለው ያለ መከላከያ ኖረዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ንብ የነደፈው ሰው መንደፊያውን ቶሎ ይንቀል፤ ከሰውነት ላይ የቀረው የመርዝ ከረጢት መርዝ ማፍሰሱን አያቆምምና። ትንፋሹ ካጠረ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችንን የምንሰናበት ተማሪዎችም ይህን እናስብ፤ ብዙ ሰው ያመነበት ነገር ሁሉ እውነት አይደለም፥ ሳይመረመር የቆየ ስሕተትም ሕይወት ያስከፍላል።