«ጥቂት» ስንት ነው? ተቀጣጣይ ፈሳሽን በትናንሽ ታንኮች የማጓጓዝ ሕግ ታሪክ



ስለ ነዳጅ ማጓጓዣ ሕግ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የቦቴ ታሪክ ነው፤ ቦቴ ይገለበጣል፣ ሰው ያልቃል፣ ከዚያ ሕግ ይወጣል። ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም ዛሬ የምከተለው ሌላ መንገድ ነው። እኔን የሚማርከኝ ሕጉ የሚከለክለው ሳይሆን አይቶ የሚያልፈው ነው፤ ማለትም መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወርሰው «ሰልባትዮ» የሚሉት የመኪናው የራሱ የነዳጅ ታንክ፣ በጭነት መኪና ላይ የሚታሰረው ትንሽ ተጨማሪ ታንክ፣ እንዲሁም ጀሪካኑ። ሕግ አውጪ «ይህስ ጥቂት ነው፣ ይለፍ» የሚለው በምን መለኪያ ነው? የእኔ ክርክር መለኪያው ከኬሚስትሪ ይልቅ ከኑሮ የተቀዳ ነው የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ ኬሚስትሪው ጥቂት ልበል። ቤንዚን ሲነድ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ትነቱ ከአየር ጋር ሲደባለቅ መጠኑ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ገደማ ከሆነ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም አይነድም። ስለዚህ አፉ ድረስ ከሞላ ታንክ ይልቅ ጭላጩ ብቻ ቀርቶበት አየር የገባበት ታንክ የከፋ ሊሆን ይችላል። የአደጋው ልክ ከሊትሩ ልክ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ አይደለም ማለት ነው። ሕግ ግን የሚቈጥረው ሊትር ነው።

የብሪታንያ ፓርላማ በ1862 የመጀመሪያውን የፔትሮሊየም ሕግ ሲያወጣ በቤንዚን የሚሄድ መኪና በመንገድ ላይ አልነበረም። ያሳሰበው ከባሕር ማዶ እየመጣ በየመጋዘኑ የሚከማቸው የመብራት ዘይት ነበር። ሕጉ ከ100 ዲግሪ ፋራናይት በታች ተቀጣጣይ ትነት የሚሰጠውን ዘይት ለይቶ፣ ከመኖሪያ ቤት በ50 ያርድ ርቀት ውስጥ ከ40 ጋሎን በላይ ያለ ፈቃድ እንዳይቀመጥ ደነገገ። በ1871 የወጣው ሕግ ደግሞ መስመሩን እጅግ አጠበበው፤ ያለ ፈቃድ ሊቀመጥ የሚችለው ከ3 ጋሎን ያልበለጠ ሲሆን፣ እርሱም እያንዳንዳቸው ከ1 ፓይንት በማይበልጡና በሚገባ በተከደኑ ዕቃዎች ተከፋፍሎ መሆን ነበረበት። 3 ጋሎን 24 ፓይንት ነው። ሃያ አራት ትናንሽ ጠርሙሶች እንግዲህ የሱቅ መደርደሪያ ልክ እንጂ የቤተ ሙከራ ውጤት አይመስሉኝም። «ጥቂት» የተባለው ባለሱቅ እየቸረቸረ ሊያድርበት የሚችለው ያህል ነው።

ኬሚስትሪው ራሱ ምን ያህል ከመለኪያው ዕቃ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር የሚያሳየው የ1879ኙ ማሻሻያ ነው። የቀድሞው ፈተና ዘይቱን አፉ በተከፈተ ጽዋ ውስጥ እያሞቁ ትነቱ የሚቀጣጠልበትን ሙቀት መፈለግ ነበር። ክፍት ከሆነ ትነቱ ያመልጣል፤ ትንሽ ነፋስ ከገባ፣ መርማሪውም እጁ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ውጤቱ ይለወጣል። ነጋዴውና ተቈጣጣሪው በአንድ በርሜል ዘይት ሁለት ቍጥር ይዘው ይሟገቱ ነበር። የጦር ሚኒስቴሩ ኬሚስት ፍሬድሪክ ኤብል ክዳን ያለው መሣሪያ ሠራና ሕጉ ተቀበለው፤ ወሰኑም ከ100 ወደ 73 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ። ለላይ ተመልካች ሕጉ የላላ ይመስላል። ነገር ግን በክዳኑ ምክንያት ያው ዘይት ቀደም ብሎ ስለሚቀጣጠል፣ በአዲሱ ፈተና 73 ማለት በአሮጌው 100 እንደ ማለት ሆኖ ነበር የተወሰደው። ቍጥሩ ተለወጠ፤ መስመሩ ባለበት ቆመ።

ከዚያ መኪና መጣ። በፓይንት ጠርሙስ የተከፋፈለ 3 ጋሎን ይዞ በቤንዚን መጓዝ አይታሰብም። በ1896 በብሪታንያ የወጣው የመንገድ ሎኮሞቲቮች ሕግ የሚታወሰው ፍጥነትን በመፍቀዱ ነው፤ ባለመኪኖች ዛሬም የሚያከብሩት ለዚያ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው በአምስተኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹ ለእነዚህ ቀላል ተሽከርካሪዎች የሚያገለግለው ነዳጅ በፔትሮሊየም ሕጎቹ ሳይሆን ሚኒስትሩ በሚያወጣው ደንብ እንዲገዛ፣ ደንቡም ከነባሮቹ ሕጎች በላይ እንዲጸና አደረገ። ቤንዚኑ ያው ቤንዚን፣ ትነቱም ያው ትነት ነው፤ የተለወጠው ዓላማው ብቻ ነው። ለሽያጭ የተቀመጠው አንድ ሕግ፣ መኪናውን የሚያስኬደው ሌላ ሕግ አገኘ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ነዳጅን «የጉዞ ስንቅ» እና «ጭነት» ብሎ የመክፈል ልማድ ከዚህ ቀደም ብሎ በዚህ ግልጽነት ተጽፎ አላገኘሁትም።

በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ዕቃ ግን ሁልጊዜ ያስቸግራል፤ ጀሪካን ስንቅ ነው ወይስ ጭነት? እኛ ዛሬ ውኃ የምንቀዳበት ዕቃ ስም የመጣው ከዚህ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሓ የእንግሊዝ ጦር ቤንዚን ይጭን የነበረው በስስ ባለ 4 ጋሎን ቆርቆሮ ነበር፤ በመንገዱ ንዝረት መጋጠሚያው እየተከፈተ ብዙ ነዳጅ አሸዋ ጠጣው። ጀርመኖች ግን በ1937 ገደማ የተሠራ፣ ሁለት ብረት ተበይዶ የተገጠመ፣ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት እጀታ ያለውና ክዳኑ በመቀርቀሪያ የሚጠብቅ ዕቃ ነበራቸው። ከላይ የአየር ቦታ ስለ ተተወለት ሲሞላ እንኳ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እንግሊዞች ማረኩት፣ ቀዱት፣ ለጀርመናዊው ባወጡት «ጄሪ» በሚል የሽሙጥ ስምም ጠሩት። ከየትኛውም ደንብ ቀድሞ ከአደጋ ያዳነው ይህ ጥሩ ዕቃ ይመስለኛል፤ ሕጉ ግን ስለ ዕቃው ጥራት ለመናገር ዘገየ።

በ1957 ጄኔቭ ላይ የተፈረመውና በ1968 ሥራ ላይ የዋለው፣ አደገኛ ዕቃዎችን በመንገድ ከአገር አገር ስለማጓጓዝ የተደረገው የአውሮፓ ስምምነት፣ በቅርብ ዓመታት እትሞቹ ያንኑ ክፍፍል በቍጥር አስፍሮታል። ለተሽከርካሪው ጉዞ ወይም ለመሣሪያው በቋሚ ታንኮቹ የተያዘ ነዳጅ እስከ 1,500 ሊትር ከስምምነቱ ግዴታ ነጻ ነው፤ በተንቀሳቃሽ ዕቃ የሚያዘው ግን ከ60 ሊትር መብለጥ የለበትም። ጭነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ ቤንዚን ከ333 ሊትር፣ ናፍጣ ከ1,000 ሊትር ሲያልፍ ብርቱካናማው ሰሌዳና የሠለጠነ ሾፌር ይመጣሉ። አንድ ሺሕ ሊትር በላይ ናፍጣ በሆዱ ይዞ የሚሄደው ከባድ መኪና ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ ያንኑ ያህል ናፍጣ በበርሜል የጫነው ግን ያስፈልገዋል። ይህን በአደጋ ስሌት ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። በየድንበሩ መኪና ሁሉ እየቆመ የገዛ ታንኩን ማስፈተሽ አይችልም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

የአሜሪካን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየሁት ንግግራችን ያተኮረበትን ትንሽ ታንክ በስሙ የጠራው እርሱ ስለሆነ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1997 የአደገኛ ዕቃዎች ደንቡን በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ብቻ ለሚሠሩ አጓጓዦችም ሲያሰፋ፣ ገበሬው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና መንደር ለመንደር ነዳጅ የሚያድለው ነጋዴ በአንድ ጊዜ ደንብ ተላላፊ ሊሆኑ ነበር። ስለዚህ በዚያው ደንብ የመውጫ በሮች ተከፈቱ። የእጅ ባለሙያ ለሥራው የሚይዘው ቤንዚን በአንድ ዕቃ እስከ 30 ሊትር ተፈቀደለት። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከፈቀደ ደግሞ፣ ከ3,500 ጋሎን ወይም ከ13,250 ሊትር ያነሰ የብረት ታንክ በልዩ የአሠራር ደረጃ ያልተሠራ ቢሆንም በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ነዳጅ መጫኑን እንዲቀጥል ተተወ። ከተሽከርካሪው ጋር በቋሚነት መታሰሩንና ቢገለበጥ እንዳይፈስ መጠበቁን ይጠይቃሉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ በ1871 «ጥቂት» 3 ጋሎን ነበር።