ሲደርስ ይደርሳል

ዴቢያን 1.0 የሚባል እትም ኖሮ አያውቅም። ከ0.93 ቀጥሎ የመጣው 1.1 ነው። የጎደለው ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው።

ነገሩ የሆነው በ1995 ማብቂያ ላይ ነው (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዴቢያንን፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና፣ ኢያን መርዶክ የተባለ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጀመረው ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ስሙንም ከራሱና ከፍቅረኛው ከዴብራ ስም አጣምሮ ነው ያወጣለት። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ቀርፋፋ ስለነበር ሊኑክስን የፈለገ ብዙ ሰው ሲዲ ይገዛል። ኢንፎማጂክ የተባለ ሲዲ ሻጭ፣ ሠሪዎቹ ገና እየነካኩት ያለውን ሥራ ከማከማቻቸው ገልብጦ «1.0» ብሎ አተመና ገበያ አወጣው። ሲዲው በወጉ አይነሳም፤ ቢነሳም በወጉ አይሠራም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው ሌላ፣ የለቀመው ሌላ ሆነ። ዴቢያኖች ትክክለኛውን ሥራ በዚያው ቁጥር ቢያወጡት ገዢው ስለሚምታታበት 1.0ን ዘለሉት። በሰኔ 1996 የወጣው 1.1 ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ገና በመሠራት ላይ ያለ እትም የሚጠራው በቁጥር ሳይሆን በስም ነው። የወቅቱ መሪ ብሩስ ፔረንስ ፒክሳር የተባለ የፊልም ድርጅት ይሠራ ስለነበር ስሞቹ ከድርጅቱ ፊልም ከቶይ ስቶሪ ተወሰዱ፦ ባዝ፣ ሬክስ፣ ዉዲ። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ግን ሲድ ነው። በፊልሙ ሲድ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በዴቢያን ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚገባበት፣ አንድም ቀን እትም ሆኖ የማይወጣው ክፍል።

አንድ ፕሮግራም ከሲድ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተሰናድቶ የታሸገ ፕሮግራም፣ ጠባቂ አለው፤ አብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠራ ነው። አዲሱን ሥራ ሲድ ውስጥ ያስገባና ቀናት ይጠብቃል። ከባድ ስህተት ካልተገኘበትና ሌሎች ፓኬጆችን ካላበላሸ ወደ መፈተኛው ክፍል ይሻገራል። ጊዜው ሲቃረብ መፈተኛው ለአዲስ ነገር በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ስህተት መልቀም ብቻ ይሆናል። የተረጋጋ ተብሎ የወጣ እትም ውስጥ ደግሞ የሚገባው በዋናነት የደኅንነት ጥገና ነው። እሱም ሲገባ በአብዛኛው አዲሱን ፕሮግራም እንዳለ አያመጡትም፤ ከአዲሱ ጥገናውን ብቻ ቆርጠው በአሮጌው ላይ ይጥፉታል። «ዴቢያን ሁሌ አሮጌ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

መቼ ይወጣል ሲባሉ መልሳቸው የታወቀ ነው፦ ሲደርስ። ይህ መልስ ክፉኛ የተፈተነው ከዉዲ ቀጥሎ በመጣው እትም በሳርጅ ነው። ዉዲ በሐምሌ 2002 ወጣ፤ ሳርጅ ደግሞ በሰኔ 2005። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር! ከ15,000 የሚበልጡ ፓኬጆችን በ11 ዓይነት የኮምፒውተር አርክቴክቸር ላይ አብሮ ማድረስ ቀላል አይደለም፤ መጫኛውም እንደ አዲስ ተጽፏል። (ዛሬ ዴቢያን የሚጭን ሰው ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛን መምረጥ ይችላል።)

በዚህ መሃል ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው መጣ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ራሱ የቀድሞ የዴቢያን በጎ ፈቃደኛ ነው። ሲድን መነሻ አድርጎ ኡቡንቱ የተባለ ሌላ ሥርዓተ ክወና ሠራ፤ ቀጠሮውንም በካሌንደር አሰረው። የመጀመሪያው እትም በጥቅምት 2004 ወጣ፤ ቁጥሩም 4.10 ሆነ፤ ዓመቱና ወሩ መሆኑ ነው። ከዚያ በየስድስት ወሩ። ኋላ ዴቢያንም የሁለት ዓመት ልማድ ያዘ፤ እኔ ግን የኡቡንቱ ፉክክር አልነካቸውም ብዬ አላምንም።

መዘግየት ብቻውን ግን አያድንም። በ2006 አንድ የዴቢያን ጠባቂ፣ መፈተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላሰማበት፣ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ላይ ጥቂት መስመር አነሳ። የተነሳው ግን ቁልፎችን የማይገመቱ የሚያደርገው ክፍል ነበር። ለአንድ ዓይነት ቁልፍ የቀረው ምርጫ 32,768 ገደማ ብቻ ሆነ፤ ሌባ ሁሉንም አንድ በአንድ ሊሞክራቸው የሚችል ማለት ነው። ይህ ስህተት ያን ሁሉ መንገድ አልፎ በ2007 በወጣው የተረጋጋ እትም ውስጥ ገባ። የተገለጠው በግንቦት 2008 ነው። ጥገናውን መጫን አልበቃም፤ የደከሙት ቁልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

በመጋቢት 2024 ደግሞ ታሪኩ ተገለበጠ። የማይክሮሶፍት መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ ሲድ ላይ ሙከራ ሲያደርግ፣ ከርቀት መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ክሩን ሲመዝ ኤክስዜድ የተባለ የፋይል ማመቂያ ላይ ደረሰ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲያተርፍ ቆይቶ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር ሰውሮበታል። የተመረዘው ፓኬጅ ሲድ ገብቶ ወደ መፈተኛውም ተሻግሮ ነበር።

የተረጋጋው እትም ላይ የነበረው ግን ከዓመት በፊት የወጣው 5.4.1 ነበር።