የእሳት አደጋ ሠራተኛው ማኅበር ሳይኖረው መሪውን ማን ያሠለጥነዋል?

በአዳራሽ ግድግዳ ላይ «የአመራር ክህሎት ማጎልበቻ ሥልጠና» የሚል ባነር አይቶ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። እኔም በዘገባ ሥራ ምክንያት እንዲህ ባለ አዳራሽ ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ። ሥርዓቱ ይታወቃል፤ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ሰዓት፣ የቡድን ውይይት፣ የጋራ ፎቶ፣ በመጨረሻም የውሎ አበል ፊርማ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ «ለመሆኑ ይህ ሠልጣኝ ማንን ወክሎ ነው የመጣው? ማን መረጠው?»

ጥያቄውን ዛሬ የማነሣው በእሳት አደጋ ሠራተኞች በኩል ነው። ሰው ሁሉ ከሚሸሽበት ቤት የሚገባ ሠራተኛ የራሱን ጉዳይ የሚናገርለት ማኅበር ከሌለው፣ የአመራር ሥልጠና የሚባለው ነገር ምን ትርጉም አለው?

መጀመሪያ የሌላውን ዓለም እንይ። የአሜሪካና የካናዳ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ያቀፈው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። የእንግሊዞቹም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። እነዚህ ማኅበራት የተመረጡ ኃላፊዎቻቸውን በየጊዜው ሰብስበው ያሠለጥናሉ። እንዲህ ያለ ማኅበር ኃላፊ ማወቅ ያለበት የእሳት ማጥፋት ዘዴ ብቻ አይደለም። የበጀት ሰነድ ማንበብ፣ በድርድር ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ፣ አባል በዲስፕሊን ሲከሰስ አብሮ መቆም፣ ጭስ ያመጣውን በሽታ በማስረጃ አስደግፎ ካሣ መጠየቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አጥፊነትን ሥራ ራሱን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። እንግዲህ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከዓመታት በኋላ ቢታመም፣ በሽታው ከሥራው መምጣቱን የሚከራከርለት ሰው ያስፈልገዋል። ሥልጠናው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እነሱ ዘንድ መጀመሪያ ማኅበር ተቋቋመ። ቀጥሎ መሪ ተመረጠ። ከዚያ ተመራጩ ሠለጠነ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

ወደ ትውልድ አካባቢዬ ልምጣ። የጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ገጠር እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው እሪታ ነው። እሪታውን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። አንዱ ጀሪካን፣ አንዱ እርጥብ ቅጠል፣ አንዱ አካፋ ይዞ ይደርሳል። በዚያ ትርምስ ውስጥ ግን «አንተ ክዳኑን አፍርስ! እናንተ ክምሩን ለዩ!» የሚል አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ሰውም ይሰማዋል። ያ ሰው የእድር ዳኛ ወይም የማኅበር ሙሴ ይሆናል፤ አለዚያም ሰው በቃሉ የሚያምነው ጎልማሳ ነው። ምስክር ወረቀት የለውም። የሚሰማው ግን ሰዎቹ ቀድመው ስለሚያውቁትና ነገ ቢያጠፋ ሊጠይቁት ስለሚችሉ ነው።

ይህ ዓይነቱ መሪነት እሳት በማጥፋት ብቻ አልተወሰነም። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣና የቢቸና፣ የዳሞትም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬው መሪውን ከመካከሉ መረጠ፤ የጎበዝ አለቃ ማለት ይኸው ነው። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። ነገሩ ግን በጉልበት ብቻ አልበረደም። ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ውዝፍ ግብሩ ተማረ።

ያልሠለጠነ መሪ ይህን ያህል ሠርቷል። ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ማቆም ራስን ማታለል ነው። የጎጃም ገበሬ ውዝፉን ካስማረ በኋላ በቋሚነት የሚቀመጥ ማኅበር አልቀረውም፤ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ፣ የሚቀጥለውን ድርድር የሚያዘጋጅ ሰው አልነበረውም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመሬት ጉዳይ በአገር ደረጃ ሲነሣ ስለ ገበሬው የተናገሩት በአመዛኙ ተማሪዎችና ወታደሮች ነበሩ። ድፍረት ያለ ድርጅት አንድ ክረምት ያሸንፋል፤ ለሚቀጥለው ግን አይተርፍም። የሥልጠና ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። ትግሉ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከተማው ታሪክ እንሻገር። የኢትዮጵያ ሠራተኛም ቢሆን የጀመረው በእድርና በመረዳጃ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጹ በማኅበር የመደራጀትን ነገር ቢጠቅስም፣ የሠራተኛ ማኅበር የሚያቋቁም ዝርዝር ሕግ አልነበረም። የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ብዙ ከተጎዱ በኋላ በነሐሴ 1954 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ጸደቀ። በዚያ ሕግ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከሕጉ ውጭ ሆነ። በመንግሥት ሥር ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሩ ላይ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ተቋቋመ። በአገራችን የማኅበር መሪ ሥልጠና በሰፊው የተጀመረው በእሱ ዘመን ነው። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። የምዕራቡ ዓለም ማኅበራት በካምፓላ ለአፍሪካውያን የማኅበር መሪዎች ኮሌጅ ከፍተው ነበር። የአሜሪካ ማኅበራት ያቋቋሙት የአፍሪካ አሜሪካ የሠራተኞች ማዕከልም ለኢሠአማ ገንዘብና ሥልጠና ይሰጥ ነበር። የምሥራቁም ጎራ በበኩሉ የራሱን ሰዎች ያሠለጥናል።

ይህ ሥልጠና ከንቱ ነበር አልልም። መዝገብ የሚይዝ፣ የኅብረት ስምምነት የሚጽፍ፣ ክርክር የሚያውቅ ትውልድ ወጥቶበታል። ችግሩ ሌላ ነው። መሪው ማን ነው የሚደግፈኝ ሲል የሚመለከተው ወደ መዋጮ ከፋዩ አባል መሆኑ ቀርቶ ወደ ረጂው ሲሆን፣ አባሉ ይጠረጥራል። ተቺዎቹም ኢሠአማን በዚሁ ይከሱት ነበር። ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀን የተደረገው ጠቅላላ አድማ ሲመጣ ግፊቱ በአብዛኛው የመጣው ከታች ነው። አድማው መንግሥትን ለድርድር አስቀመጠ። ከእሱ በኋላ በሕግ መደራጀት የተከለከሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራ እያቆሙ ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ የኢሠአማ አመራር ተለወጠና ማርቆስ ሐጎስ ወደ መሪነቱ መጡ።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ኢሠአማ መንግሥትን የሚቃወም የአቋም መግለጫ አወጣ። መግለጫውን ይበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ በአዲስ አበባም የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ኢሠአማ ፈረሰ። በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ቆመ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በሳምንታት ውስጥ ተገደሉ። በዚያ ዘመን ሥልጠና እንደ ጉድ ነበር። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ካድሬ ነበረ፤ ውይይት ክበብ ነበረ። ሠልጣኙ ግን የሠራተኛውን ቃል ወደ ላይ እንዲያደርስ ሳይሆን የላይኛውን ቃል ወደ ታች እንዲያወርድ ነበር የሚዘጋጀው። ሥልጠና በዛ፤ ውክልና ግን ጠፋ።

«ያ ሁሉ አልፏል፤ አሁን ሕገ መንግሥት አለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛውን፣ ገበሬውን፣ የእርሻ ሠራተኛውን፣ እንዲሁም የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችን የመደራጀት መብት አላቸው ይላል። የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ ደግሞ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሦስት አሥርት ዓመታት አለፉ። የመንግሥት ሠራተኛው ዛሬም የሠራተኛ ማኅበር መሥርቶ በኅብረት መደራደር አይችልም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ዓይነት የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለን። አንደኛው በድርጅት ሥር፣ ለምሳሌ በፋብሪካ ውስጥ፣ የተቀጠረው ነው። እሱ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል፤ አሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ሁለተኛው በከተማ አስተዳደር የተቀጠረው፣ ሕዝቡ ቀይ መኪናውን የሚያውቀው ሠራተኛ ነው። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ይህ በር ዝግ ነው። እሳቱ አንድ ነው፤ ጭሱም አንድ ነው፤ መብቱ ግን ሁለት ነው።

«የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከተደራጀ ያድማል፤ ከተማ ይቃጠላል» የሚለው ስጋት የሚናቅ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1977 እስከ ጥር 1978 ይህን አይታለች። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ወታደር አሮጌ መኪና እየነዳ እሳት ለማጥፋት ወጣ። ነገር ግን መደራጀትና ማደም ሁለት ነገር ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 አገሮች በመደራጀት መብት ላይ በራሳቸው ሕግ እንዲወስኑ የፈቀደው ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ ብቻ ነው። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አካላት የእሳት አደጋ ሥራ ላይ አድማ ሊከለከል እንደሚችል ይቀበላሉ፤ በምትኩ ግን ገለልተኛና ፈጣን የግልግል መንገድ ይኑር ይላሉ። የኛም የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 የእሳት አደጋ አገልግሎትን አድማ ከማይደረግባቸው እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ዘርዝሮት ነበር። አድማው ይከልከል፤ አፉ ግን ለምን ይዘጋል?

የመምህራንን ታሪክ የሚያውቅ ይህን ይረዳል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ነው። ከ1983 በኋላ ለሁለት ተከፈለ። ከአንጋፋው ማኅበር መሪዎች አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ፤ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ለዓመታት ታሰሩ። ንብረቱና ስሙም በፍርድ ቤት ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ሥልጠና የወሰደ መሪ የሚጠብቀው ሕግ ከሌለ ዕጣው ይህ ነው።

የእሳቱን ነገር ደግሞ በቅርብ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከረመ፤ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል መጣ። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ የመንገዱ መጣበብ ሥራውን እንዳከበደው ተነገረ። ይህን ጠባብ መንገድ ከማንም በፊት የሚያውቀው መኪናውን የሚነዳው ሠራተኛ ነው። ቱቦው የት እንደሚያፈስ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ለስንት ሰው እንደሚደርስ የሚያውቀውም እሱ ነው። ይህን በበጀት ወቅት በይፋ የሚናገርበት ወንበር ግን የለውም። የማኅበሩ ጉዳይ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ የእናንተም ቤት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን? አንደኛ፣ አንቀጽ 42 ያዘዘው የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት ሕግ ይውጣ። ሁለተኛ፣ እስከዚያው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳልና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በዚህ በር ይግቡ። የሙያ ማኅበር የኅብረት ስምምነት አይፈርምም፤ መዝገብ ግን ይይዛል፤ ጉዳትና በሽታ ይቆጥራል፤ በአንድ ድምፅ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሠልጣኙን ኃላፊው አይላከው፤ ባልደረቦቹ ይምረጡት። ሲመለስም የሠለጠነውን ቆሞ ያስረዳቸው።

የጎበዝ አለቃው ሕዝብ ነበረው፤ መዝገብ አልነበረውም። የደርጉ ካድሬ መዝገብ ነበረው፤ ሕዝብ አልነበረውም። ለእሳት አደጋ ሠራተኛው የምመኝለት ሁለቱንም የያዘ መሪ ነው፤ ቅድሚያው ግን ለሕዝቡ ይሁን። ባነሩ ከዚያ በኋላ ይሰቀላል።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ። ቸር እንሰንብት።