ሞተሩን በዱቤ ወይስ በጥሬ ገንዘብ? አርሲ ይህን ጥያቄ ድሮም አይታዋለች

ስንዴው ተወቅቶ ብሩ ኪስ በሚገባበት ሰሞን ዲክሲስ ሻይ ቤት ብትቀመጡ የሞተር ሳይክል ወሬ አታጡም። ልጁ ግማሹን ከፍሎ ግማሹን በዱቤ ይግዛ? ወይስ አንድ ዓመት ታግሶ ሙሉውን በጥሬው ይክፈል? መካሪ ሞልቷል። «ዕዳ ያለበት እንቅልፍ የለውም» የሚሉ አባት አሉ። «ብሩን ብታስቀምጠው እጅህ ላይ ይቀልጣል» የሚል ነጋዴም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። የአርሲ ደጋ «ዛሬ ውሰድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚለውን ቃል ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ቀድሞ በሰፊው ከሰሙት አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ። ሽማግሌዎች ዛሬም «ካዱ» ይሉታል። ድርጅቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው በዱቤ ይሰጥ ነበር፤ ክፍያው ከመኸር በኋላ ነው። ቁሉምሳ ያለው የስንዴ ምርምር የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ተበዳሪው በጥቂት ዓመታት ከመቶዎች ወደ ሺዎች አደገ፤ ምርትም ጨመረ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው።

ጭሰኛው ግን መበደር ሲፈልግ ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመውን የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ባለመሬቱ አልፈርምም ካለ ብድር የለም። ፈርሞለት ማዳበሪያው ምርቱን ሲያሳድገው ደግሞ ሲሶ ይወስድ የነበረው ባለመሬት እኩል ልውሰድ ማለት ጀመረ። ድካሙም ዕዳውም የጭሰኛው ሆኖ ከትርፉ ትልቁ ድርሻ ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

የባሰው በትራክተሩ መጣ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ነዳጁም ከግብር ነፃ ነበር። መሬት ያለው ሰው ከባንክም ከአስመጪም ብድር ያገኛል፤ ማስያዣው መሬቱ ነዋ። የስንዴ ዋጋ ጥሩ፣ አዲሱ ዘር ምርታማ፣ ትራክተሩ በዱቤ። ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ባለመሬቱ «ጭሰኛ ለምኔ?» አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ። ድሃውን ለመርዳት የመጣው ድርጅት ሳያስበው ድሃውን የሚያፈናቅል ገበያ አሞቀ። ስዊድኖቹም ይህ አሳስቧቸው ለኢትዮጵያ መንግሥት የመሬት ኪራይ ሕግ አውጡ እያሉ ሲወተውቱ ነበር፤ ሕጉ ግን በፓርላማ የባለመሬቶች ወንበር ሥር ተቀብሮ ቀረ።

መልሱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በአዋጅ መጣ። (በነገራችን ላይ ካዱ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1967፣ መሬት ላራሹ የታወጀው በእኛው 1967 ነው። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ አለ።) አዋጁ ጭሰኛውን ከኪራይ ብቻ ሳይሆን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳም ነፃ አወጣው። ካዱም የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ሆኖ ሥራው ከጭላሎ ወደ ሌሎቹ የአርሲ አውራጃዎች ሰፋ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የቀረበ ነው፤ ብዙ አንባቢያን የምታስታውሱት ይመስለኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የኤክስቴንሽን ፓኬጁን በመላ አገሪቱ ሲዘረጋ ማዳበሪያው በዱቤ ነበር፤ ለባንኮቹ ዋስ የሆኑት ክልሎቹ ናቸው። የማዳበሪያ ድጎማም እ.ኤ.አ. በ1997 ተነሣ። ከዚያ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ምርት በረከተ፣ የእህል ዋጋም ተንኮታኮተ። የበቆሎው ውድቀት ከሁሉም የከፋ ነበር፤ የመሰብሰቢያውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ ማሳ ላይ የተወው ገበሬ ነበር። የዕዳው ቀን ግን አልተንቀሳቀሰም። ሰብሳቢው የሚመጣው ልክ በመኸር ማግሥት፣ ሁሉም ገበሬ እህሉን ገበያ በሚያወጣበትና ዋጋው ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ በሚልበት ሰሞን ነው። በሬ የተሸጠበት፣ የታሰረም ገበሬ ነበር። በ1995 ደግሞ ድርቅ ተከተለ።

እንግዲህ ወደ ሞተሩ እንምጣ።

ሽማግሌው «በጥሬ ግዛ» ሲሉ ከኋላቸው ይህ ሁሉ ታሪክ አለ። ግን የጥሬ ገንዘብ ታሪክም ከዚህ ያልተናነሰ መራራ ነው። በ1985 ዓ.ም መስከረም ላይ አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር በአንድ ጊዜ ዘለለ። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም፣ ከዚያም በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ሞተር ሳይክል ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ነው፤ እዚህ ቢገጣጠምም እንኳ ሞተሩና ጎማው በዶላር ይገዛል። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ ሙሉውን ብር ይዞ «ትንሽ ልጠብቅ» ያለ ሰው የሆነውን አስቡት። ዕዳ ሳይኖርበት ከሰረ።

በቁጥር እንየው። 100,000 ብር ባንክ አስቀምጠህ በዓመት 7 በመቶ ብታገኝ 107,000 ይሆናል። የሞተሩ ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ ደግሞ 130,000 ገብቷል። ዓመት ሙሉ ቆጥበህ ከሞተሩ በ23,000 ብር ርቀሃል።

ታዲያ ዱቤው ይሻላል ማለት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በወለዱ አቆጣጠር ነው። 100,000 ብር ለሁለት ዓመት በ18 በመቶ ተበደርክ እንበል። ወለዱ በመነሻው ዕዳ ላይ በቋሚነት የሚታሰብ ከሆነ በዓመት 18,000፣ በጠቅላላው 36,000 ትከፍላለህ። በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን ወለዱ 20,000 እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ነው የሚሉት። ከመፈረም በፊት «በየወሩ ስንት፣ ለስንት ወር?» ብሎ መጠየቅና ማባዛት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወለድ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው በአርሲ ብዙ ነው፤ ለረጅም ዘመንም ከባንክ ርቆ ኖሯል። አሁን ከወለድ ነፃ ባንኮችና መስኮቶች አሉ። በሙራባሃ ባንኩ ሞተሩን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በተቆረጠ ዋጋ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይንቀሳቀስም፤ በንረት ዘመን ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የሒሳቡ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ በጥሬ ቢገዛ ከሚከፍለው በስንት ይበልጣል?

ዕቁብስ? ለእኔ ከሁሉም አስገራሚው እሱ ነው። ሃያ ሰው በየወሩ 5,000 ቢጥል ዕጣው 100,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ። በሃያኛው ወር የደረሰው ያለ ወለድ ቆጠበ። ብር በጸናበት ዘመን ልዩነቱ ብዙ አይጎዳም። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን የፊተኛው ሞተር ይገዛል፣ የኋለኛው በዚያው ብር የሞተሩን ሦስት ሩብ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ዕጣ የሚሸጠው። የቸገረው ለባለ ዕጣው ጥቂት ሺህ ሰጥቶ ተራውን ይገዛል። ወለድ አልተባለም እንጂ ሥራው የወለድ ነው። ይህን ስል ዕቁብን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዳኛውና ጸሐፊው የታወቁ ከሆኑ ዛሬም ከአራጣ አበዳሪ መቶ እጅ ይሻላል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ሞተሩ በየቀኑ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሰው ወይም ዕቃ የሚያመላልስ ከሆነ፣ በተቆረጠ ዋጋ የሚገኝ ዱቤ መጥፎ አይደለም። ለቤት መመላለሻና ለክብር ከሆነ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ስንዴው ነው፤ ስንዴ በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው፣ አበዳሪው ግን በየወሩ ይመጣል። የ1994ቱ ገበሬ የተሰበረው ከወለዱ ይልቅ በቀኑ ነው። የክፍያው ጊዜ በጥርና በየካቲት የማይከብድበትን፣ ገበሬው እህሉን ጥቂት ወር አቆይቶ የሚሸጥበትን ውል የሚሰጥ አበዳሪ ካለ ወለዱ ትንሽ ቢበልጥም እሱን እመርጣለሁ። ፈረስ ገብስ በልቶ ይወልዳል፤ ሞተር በወጣበት ቀን ዋጋው ይወርዳል፣ ጎማና ዘይትም ይጠይቃል። ይህ ከወርሃዊ ክፍያው ጋር ካልተደመረ ስሌቱ ጎዶሎ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በኋላ ወደ 18 አላላው። ንረትን ለመግታት ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ብድር ጠባብ ሲሆን የሚያገኘው ማነው? ከተማ ቤት ያለው፣ ደመወዝተኛ ዋስ የሚያቀርበው። የዲክሲስ ገበሬ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሊሸጠው አይችልም፤ ልጁማ ጭራሽ በስሙ መሬት ላይኖረው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ሞተሩን ራሱን ጨምሮ፣ ማስያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ወረዳ ላይ ስትጠይቁ ግን መጀመሪያ የሚሏችሁ ያው «ዋስ አለህ?» ነው። ያኔ ለጭሰኛው ፊርማ የሚሰጠው ባለመሬቱ ነበር። ዛሬ ደመወዝተኛው ዘመድ ነው፤ ሊብሬውም ዕዳው እስኪያልቅ አበዳሪው ካዝና ውስጥ ይቀመጣል።