ልጓሙ የላላ አጸፋ፦ ጉልበት፣ ኅብለ ሰረሰርና ጓያ

እ.ኤ.አ. በ1875 ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ የሃይድልበርጉ ቪልሄልም ኤርብና የበርሊኑ ካርል ቬስትፋል፣ ሳይመካከሩ ስለ አንድ ነገር ጻፉ። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት በትንሹ ሲመታ እግር ወደ ፊት ይፈናጠራል። ባዩት ነገር ተስማሙ፤ በምክንያቱ ግን ተለያዩ። ቬስትፋል ጡንቻው ራሱ በቀጥታ የተኮማተረ መሰለው። ኤርብ ግን መልእክቱ ኅብለ ሰረሰር ደርሶ የተመለሰ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ቅጽበታዊ አጸፋ ነው አለ። ጊዜ ለኤርብ ፈረደለት።

መንገዱ አጭር ነው። የተመታው ጅማት ከጭን ፊት ያለውን ትልቅ ጡንቻ ለቅጽበት ይስበዋል። በጡንቻው ውስጥ የተሰገሰጉ፣ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን አካላት ወዲያው በነርቭ ክር አማካይነት ወደ ታችኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል መልእክት ይልካሉ። ክሩ እዚያ ሲደርስ ጡንቻውን ከሚያዝዘው የነርቭ ሕዋስ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ በመካከላቸው ሌላ ሕዋስ የለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1897 ሲናፕስ ብሎ የሰየመውን መገናኛ መልእክቱ ግሉታሜት በተባለ ኬሚካል ይሻገራል፤ ከዚያም ትእዛዝ ሆኖ ወደ ጡንቻው ይመለሳል። ከምቱ እስከ ጡንቻው የመጀመሪያ ምላሽ ያለው ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰውየው መመታቱን ልብ ሳይል ጡንቻው ታዝዟል።

ይህን የመሰለ ፍጥነት መለካት የማይሞከር ይመስል ነበር። ታላቁ የፊዚዮሎጂ መምህር ዮሐንስ ሙለር የነርቭን ፍጥነት ለመለካት እንደማይቻል ያስብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1850 የገዛ ተማሪው ሄርማን ሄልምሆልትዝ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካውና በሰከንድ 27 ሜትር ያህል ሆኖ አገኘው። በሰው አካል የጡንቻን መለጠጥ የሚናገሩት ክሮች ወፍራምና በስብ የተሸፈኑ ስለሆኑ በሰከንድ ከ70 እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ። የዘገየ ሕመምን የሚያመላልሱት ቀጫጭንና ሽፋን አልባ ክሮች ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር አያልፉም። የእግር ጣት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ በፈጠን ያሉ የሕመም ክሮች ስለታም ውጋት፣ ቀጥሎ በእነዚህ ዘገምተኞች ደብዛዛው ጥዝጣዜ የሚመጣው ለዚህ ነው።

የሼሪንግተን ትልቁ ግኝት ግን ስለ ፍጥነት አይደለም። አንድ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው መላላት አለበት፤ አለዚያ መገጣጠሚያው ይደርቃል። የጭን የፊት ጡንቻ ሲታዘዝ ኅብለ ሰረሰር የኋለኛውን ጡንቻ ያሳርፋል። እሾህ የረገጠ ሰው አንዱን እግር ሲያነሣ ሌላኛው የሚጠነክረውና ሰውየው የማይወድቀውም በዚሁ ቅንብር ነው። እንግዲህ የነርቭ ሥርዓት ሥራ መቀስቀስ ብቻ ሳይሆን መግታትም ነው፤ እንዲያውም የሰው እንቅስቃሴ ውበቱም ሥርዓቱም የሚመጣው ከመግታት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አውስትራሊያዊው ጆን ኤክልስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከድመት ኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት ውስጥ ይህን መግታት በኤሌክትሪክ መዝግቦ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ የሚያጠቃው ይህንኑ ነው። የሚገቱት ሕዋሳት ኬሚካላቸውን እንዳይለቁ ያግዳል፤ ያኔ ተቃራኒ ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ይወጠራሉ፣ በሽተኛው በትንሽ ድምፅ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

ኅብለ ሰረሰር ለብቻው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሃንጋሪው ሐኪም ኤርኖ ዬንድራሲክ እንዳሳየው፣ ሰውየው የሁለት እጆቹን ጣቶች ቆላልፎ ወደ ጎንና ጎን ሲጎትት የጉልበቱ አጸፋ ይጎላል። ጣት የሚያቃጥል ሲኒ የያዘ ሰውም እጁ ልልቀቅ እያለ፣ እንግዳ ላይ እንዳይደፋ ታግሦ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፈዋል። አጸፋው የታች ቢሆንም ልጓሙ ያለው ላይ፣ አንጎል ውስጥ ነው።

ልጓሙ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ከኢትዮጵያ ገበሬዎች በላይ በመከራ የተማረ ጥቂት ነው። ጓያ ድርቅንም የውኃ ብዛትንም የሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲከዳ የሚቀር እህል ነው። ነገር ግን ኦዳፕ የተባለ መርዝ ይዟል፤ ይህም በአሠራሩ ከግሉታሜት ስለሚመሳሰል የነርቭ ሕዋሳትን ያለ ልክ ይቀሰቅሳል። ለወራት በዋነኛነት ጓያ የበላ ሰው አንድ ቀን እግሩ ሊከዳው ይችላል። የሚጎዱት በተለይ ከአንጎል ቅርፊት እስከ ወገብ የሚወርዱት ረጃጅም ክሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሕመሙ እግርን ይይዛል፣ እጅን አብዛኛውን ጊዜ ይምራል፣ አእምሮንና የቆዳ ስሜትን አይነካም። ሐኪሙ ጉልበቱን ሲመታ እግሩ ከመጠን በላይ ይፈናጠራል። የውስጥ እግሩን ሲጭረው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የገለጸው ምልክት ነው። በሽተኛው እግሮቹ እየተጣመሩ፣ በጣቶቹ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል፤ የከፋበት ይድሃል። የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

በደምቢያና በፎገራ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በወሎ ደላንታ ዳውንት ደግሞ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በሽታውን አጥንተዋል። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ። በደላንታው ጥናት ጓያን እንደ እሸት፣ እንደ ቆሎና እንደ ንፍሮ መብላት አደጋውን ሲጨምር፣ ቦክቶ የተጋገረ እንጀራና ወጥ ግን እንዲህ አላደረጉም፤ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ጠቅሟል። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ ድርቅ ሲገባ ውኃውም ማገዶውም ሌላው እህልም አብረው ያልቃሉ፤ ቤተሰቡም እጅግ በሚያስፈራው መንገድ፣ ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ጓያን ብቻ ለመብላት ይገደዳል። ስለዚህ በጓያ አገር የእርዳታ እህል መድረስ ያለበት ሰው እግሩ ከመያዙ በፊት፣ ጓያው ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ሊበላ በሚችልበት ወር ነው።